«ማያ» የሚለው ስም ስንት ፍቺ አለው?

ከጎንደር ከተማ፣ ከማራኪ አካባቢ፣ አንዲት አራስ እናት የሚከተለውን ጽፈውልናል፦

«የመጀመሪያ ልጄን ከተገላገልሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። እኔና ባለቤቴ ስሟን ማያ ልንላት ተስማምተን ነበር፤ አጭር ስለሆነና ለአፍ ስለሚጣፍጥ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረንም። ዘመድ ሊጠይቀኝ በተሰበሰበበት ቀን ስሙን ስንናገር ግን ቤቱ ታወከ። ዋርሳዬ ስልኩን አውጥቶ በህንዶች ቋንቋ ማያ ማለት ምትሐት፣ ማታለያ ማለት ነው አለ። ሌላው የግሪክ ጣዖት ናት አለ። አንዲት ጎረቤት ዓለም ታልፋለች ብለው የተነበዩ ሕዝቦች ስም ነው ስትል፣ የባለቤቴ ጓደኛ ደግሞ የምን ማያ ነው፣ መነጽር ነው እንዴ ብሎ ሳቀ። አማቴ የልጅ ልጄን በጣዖት ስም አልጠራም ብለው ከዚያ ቀን ጀምሮ "ይቺ ልጅ" እያሉ ነው የሚያቅፏት። እውነተኛው ፍቺ የትኛው ነው? ስሙን ልለውጥ ወይስ ልጽና? ክርስትናዋ ቀርቧል።»

እንኳን ማርያም ማረችዎ። ሕፃኗንም እግዚአብሔር ያሳድግልዎ።

«እውነተኛው ፍቺ የትኛው ነው» ብለው ሲጠይቁ፣ ማያ የሚባል አንድ ቃል ከአንድ አገር ተነሥቶ በየቋንቋው ሲዞር ትርጉሙ እንደተለዋወጠ አድርገው አስበው ይመስለኛል። ዘመዶችዎም የተከራከሩት ይህንኑ ይዘው ነው። ይሁን እንጂ ከተነሡት ፍቺዎች አብዛኞቹ እርስ በርሳቸው ዝምድና የላቸውም። «ማ» እና «ያ» ለሰው አንደበት እጅግ የቀለሉ ድምፆች በመሆናቸው፣ አንዱ ሕዝብ ከሌላው ሳይሰማ፣ በየራሱ ቋንቋ፣ በየራሱ ምክንያት ይህን ድምፅ ለየራሱ ነገር ስም አድርጎ ሰጥቶታል። ስለዚህ ያለን አንድ ቃል ሳይሆን መልካቸው የተመሳሰለ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ የአንዱን ዕዳ ሌላው አይከፍልም። ዋርሳዎ ከስልኩ ያነበበው ሐሰት አይደለም፤ ግን የሌላ ቃል ፍቺ ነው።

እርሱ ካነሣው፣ የህንዶች ጥንታዊ ቋንቋ ከሆነው ከሳንስክሪት ልጀምር። ቬዳ በሚባሉት የህንዶች ጥንታዊ ቅዱሳት መዝሙሮች ውስጥ ማያ የሚባለው አማልክት ነገርን የሚሠሩበትና መልክ የሚሰጡበት ድንቅ ኃይልና ጥበብ ነው፤ በርካታ የቋንቋ ሊቃውንትም ቃሉን «መለካት» ከሚል ሥር ያወጡታል። ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ ቬዳንታ የሚባለው የህንድ ትምህርት ፈላስፎች ይህ የምናየው ዓለም እውነተኛውን ህላዌ የሚሸፍን መጋረጃ ነው ብለው ሲያስተምሩ፣ ለዚያ መጋረጃ የሰጡት ስም ይኸው ቃል ሆነ። ምትሐት የሚለው ፍቺ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ቃሉ በዚያው በህንድ ምድር እንኳ አንድ ፍቺ ብቻ እንዳልነበረው ለማየት የቡድሃን እናት ማስታወስ ይበቃል፤ ንግሥቲቱ ማያ ትባል ነበር፣ ዛሬም ብዙ ህንዳውያን ሴቶች ልጆቻቸውን በዚህ ስም ይጠራሉ። ልጁን «ማታለያ» ብሎ ለመጥራት የሚፈልግ ወላጅ በህንድም የለም።

ወደ ግሪኩ ስንሄድ ነገሩ ሌላ ነው። ማያ በግሪኮች ተረት ከሰባቱ የፕልያዲስ እኅትማማቾች ታላቂቱ፣ የአማልክት መልእክተኛ የሚባለው የሄርሜስም እናት ናት፤ ስለዚህ ያ ዘመድዎ ጣዖት ያለው ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም። ነገር ግን በጥንታዊ ግሪክ ይኸው ቃል የተራ ሰዎች መጠሪያም ነበረ። አሮጊት ሴት በአክብሮት ስትጠራ፣ ሞግዚት ስትጠራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አዋላጅ ስትጠራ ማያ ትባላለች። የሶቅራጥስ እናት ፌናሬቴ አዋላጅ ነበረችና ፈላስፋው የእኔም ሙያ የእናቴ ነው፣ እርሷ ሕፃናትን እኔ ሐሳብን አዋልዳለሁ ይል እንደነበር ፕላቶን ጽፏል፤ በጥያቄ እያወጣጡ የማስተማር ዘዴም በአውሮፓውያን ዘንድ እስከ ዛሬ ከዚሁ ከአዋላጅነት ቃል በተወሰደ ስም ይጠራል። ከወሊድ በቅርቡ ለተነሣች እናት ይህ የሚያስከፋ ፍቺ አይመስለኝም።

ሮማውያን ደግሞ ማያ የምትባል፣ ስሟ ከ«ታላቅነት» ጋር የሚያያዝ የራሳቸው የዕድገት አምላክ ነበረቻቸው። የግሪኮችን ተረት ሲወርሱ ሁለቱን በድምፅ ብቻ አንድ አደረጓቸው፤ ያውም ሁለት የተለያዩ ባዕዳን ስሞች ስለተመሳሰሉ ብቻ እንዴት እንደሚደባለቁ ጥሩ ማሳያ ነው። ሜይ የሚባለው የአውሮፓውያን ወር፣ ማለትም ከእኛ ሚያዝያ 23 እስከ ግንቦት 23 ያለው ጊዜ፣ ስሙን ከእርሷ አገኘ ይባላል። ይባላል ያልሁት ሮማውያን ራሳቸው በነገሩ ስላልተስማሙ ነው፤ ገሚሶቹ የወሩ ስም ሽማግሌዎችን ከሚጠሩበት ቃል የወጣ ነው ይሉ ነበር። የእርስዎ ቤት ክርክር አዲስ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል።

ጎረቤትዎ ያነሷቸው ማያዎች በዛሬዎቹ ሜክሲኮ፣ ጓቴማላ፣ ቤሊዝ፣ ሆንዱራስና ኤል ሳልቫዶር ምድር ታላላቅ ከተሞችን የገነቡ፣ ዜሮን የሚያውቁ፣ የራሳቸው ጽሕፈት የነበራቸው ሕዝቦች ናቸው። ዛሬም በሚሊዮን ይቆጠራሉ፣ ወደ 30 የሚጠጉ ቋንቋዎችንም ይናገራሉ። ዓለም ታልፋለች ብለው አልተነበዩም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 21 ቀን 2012፣ በእኛ ታኅሣሥ 12 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የረጅሙ የዘመን ቆጠራቸው አንድ ዙር የሚያበቃበት ዕለት ነበር፤ ዙሩ ሲያበቃ ሌላው ይጀምራል እንጂ ዓለም ያልፋል የሚለውን ወሬ የነዙት ሌሎች ናቸው። የዚህን ሕዝብ ነገር ከተነሣ አይቀር አንድ ልጨምር። ከዘመን መቁጠሪያዎቻቸው አንዱ እያንዳንዳቸው 20 ቀን ያላቸው 18 ወራትና በመጨረሻ የሚጨመሩ 5 ቀናት አሉት፤ እኛም 12 ወራት በ30 ቀን ቆጥረን ጳጉሜን እንጨምራለን። ይህን ያየ ሰው ኢትዮጵያውያንና ማያዎች ዘመዳሞች ናቸው ለማለት ይቸኩላል። ሁለቱም ፀሐይን ቆጠሩ፣ ሁለቱም ትርፍ ቀናት አገኙ፣ ከዚያ በቀር የሚያገናኛቸው የለም። የስሙም መመሳሰል እንዲሁ ነው።

የቀሩትን ቶሎ ልለፋቸው። በፊሊፒንስ ማያ ትንሽ ወፍ ናት፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1995 ድረስ የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍ ነበረች፣ ከዚያ በኋላ ክብሩ ለንስር ተሰጠ። በቱርክ ቋንቋ ማያ እርሾ ማለት ነው፣ ቃሉም ከፋርስ የተወሰደ ነው። ቱርኮች በተረታቸው ስለሚታወቀው ቀልደኛ ስለ ነስረዲን ሆጃ ሲያወሩ፣ በአንድ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ማያ፣ ማለትም የእርጎ እርሾ፣ በማንኪያ ወደ ሐይቁ ሲጨምር ያገኙታል፤ ሐይቅ እንዴት እርጎ ይሆናል ሲሉት «ቢረጋስ?» ብሎ መለሰ ይላሉ። በአገራችንም የ16ኛውን መቶ ዘመን የግራኝ አህመድን ጦርነት በጻፈው በዐረብ ፈቂህ መጽሐፍ ውስጥ ማያ የሚባሉ የታወቁ ቀስተኞች ይገኛሉ። በዕለታዊ አማርኛችን ግን ማያ ከ«ማየት» የሚወጣ ቃል ነው፤ መስሚያ፣ መጻፊያ እንደምንለው ማያም የሚያዩበት ነገር ነው፣ የኮምፒውተሩንና የስልኩን ፊት «ማያ ገጽ» የምንለውም ከዚሁ ነው። ስለዚህ ስለ መነጽር የቀለዱት የባለቤትዎ ጓደኛ በዕለቱ ከነበሩት ሁሉ ለአማርኛው የቀረቡት እርሳቸው ናቸው። ልጅዎ ትምህርት ቤት ስትገባም ይህን ቀልድ መስማቷ አይቀርም፤ ስሙን ከመረጡ ይህን አስቀድመው ይወቁት። «ዓይኔ» እየተባለ ልጅ በሚቆላመጥበት አገር ማያ መባል የሚያሳፍር አይደለም።

አሁን ለእርስዎ ይበልጥ የሚጠቅመውን ላንሣ። እስካሁን የዘረዘርኋቸው ቃላት እርስ በርሳቸው ባዕዳን ናቸው። እውነተኛ ዝምድና ያላቸው፣ ከአንድ አያት የወረዱ ቃላት ግን አሉ፤ እነርሱም ውሃ የሚል ፍቺ ያላቸው ናቸው። በግእዝ ውሃ ማይ ይባላል፣ ሲበዛ ማያት ይሆናል። በትግርኛም ማይ ነው፤ ማይ ጨው የሚለውን የቦታ ስም፣ በአክሱም ያለውንም ማይ ሹም የሚባለውን ጥንታዊ የውሃ ማጠራቀሚያ ያስታውሷቸዋል። ዕብራይስጡ ማይም ይለዋል፣ ዓረብኛው ማእ፣ የጥንቱ የሶርያ ቋንቋ ደግሞ «ያ»ን አጥብቆ ማያ። እነዚህ ቋንቋዎች አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ቃሉንም እንደ ርስት ተካፍለውታል። በዛሬይቱ እስራኤል ማያ የተለመደ የሴት ልጅ ስም ሲሆን ከዚሁ ከማይም ጋር ይያያዛል። ከወለቃና ከአካባቢው ወደዚያ ከሄዱት ቤተ እስራኤላውያን መካከል የሚያውቁት ሰው ካለ ይጠይቁ፣ ይህንኑ ይነግሩዎታል።

አማትዎ ይህን ቃል ያውቁታል። ማየ ሕይወት ሲባል፣ ማየ አይኅ ሲባል፣ ማየ ዮርዳኖስ ሲባል ሰምተው አድገዋል፤ በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ከቀሃ ወንዝ በተሞላው በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዳር ቆመው የሚረጩት ማይ ነው። ከዚህም የሚቀርብ አለ። በጎንደር የቅኔ ቤት የዋለ ተማሪ ሁሉ የስም ዝርዝር ይማራል፦ ቤትየ፣ ቤትከ፣ ቤቱ፣ ቤታ። ማይን በዚሁ መንገድ ቢዘረዝሩት ማይየ፣ ማይከ፣ ማዩ ይልና «የእርሷ ውሃ» ሲሆን ማያ ይሆናል። ይህም እርስዎ የመረጡት ድምፅ ራሱ ነው፤ እንደ ሶርያው ሳይጠብቅ፣ ላልቶ የሚነበብ።

ሆኖም ይህን ይዘው ማያ የግእዝ ስም ነው፣ ከመጽሐፍ የወጣ ነው ብለው እንዳይከራከሩ አደራ እላለሁ። በግእዙ «ማያ» የተዘረዘረ ቃል ነው እንጂ የቅዱስ ወይም የቅድስት መጠሪያ ሆኖ አላገኘሁትም፤ እርስዎም ስሙን የመረጡት ለአፍ ስለሚጣፍጥ መሆኑን በግልጽ ጽፈዋል። ከተመረጠ በኋላ የተገኘ ፍቺ ማስደሰቻ ሊሆን ይችላል፣ መሠረት ነው ማለት ግን ነገ የንስሐ አባታችሁ ፊት ያሳፍራል። እውነቱን ይንገሩ፦ ስሙን ወደድነው፣ ስንጠይቅ ደግሞ በግእዙ ከውሃ ጋር የሚስማማ ሆኖ አገኘነው ይበሉ። ይህ በቂ ነው፤ ከበቂም በላይ ነው።

የባዕድ ምንጭ ያለው ስም ለጎንደር ልጅ አይሆንም የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ከተማይቱ ራሷ አትደግፈውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት፣ ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት ንጉሥ ስማቸው ፋሲለደስ ነው፤ ስሙ ንጉሥ ከሚል የግሪክ ቃል የወጣ ነው። ከእልፍኙ ፊት ቆሞ ይህ የግሪክ ስም ነው የሚል ጎንደሬ ግን አላየሁም፤ ፋሲል የእኛ ከሆነ ቆይቷል። ቁስቋምም በግብፅ ያለ ስፍራ ስም ነው። የቁስቋምን ደብር ያሳነጹት እቴጌ ደግሞ ለእርስዎ ጥያቄ ይበልጥ ይቀርባሉ፤ እናትና አባታቸው ቤት ምንትዋብ፣ ማለትም «ምንኛ ውብ ናት»፣ በክርስትና ወለተ ጊዮርጊስ፣ በዙፋን ብርሃን ሞገሳ ይባሉ ነበር። ሦስቱም ስሞች በአንዲት ሴት ላይ ያለ ጠብ ኖረዋል።

አማትዎ የሚፈሩት ሕፃኗ በጣዖት ስም ቤተ ክርስቲያን እንዳትገባ ከሆነ ይህ ፍርሃት መልስ አለው። በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ካህኑ የክርስትና ስም ይሰጧታል፤ ስትቆርብም ሆነ ጸሎት ሲደረግላት የምትጠራው በዚያ ስም ነው። ማያ የሚለው ለጎረቤት፣ ለትምህርት ቤትና ለመታወቂያ የሚሆን ስም ነው።

ነገር ግን ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው አማትዎ የተቀየሙት በግሪኳ ማያ ብቻ አይመስለኝም። ስሙን እርስዎና ባለቤትዎ ተስማምታችሁ ያወጃችሁት ዘመድ በተሰበሰበበት ነው፤ አያቲቱም የልጅ ልጃቸውን ስም የሰሙት ከእንግዶቹ ጋር እኩል ነው። በአገራችን አያት ለልጅ ልጅ ስም ማውጣት የተለመደ መብት ነው። ይህ መብት ታልፎ፣ በዚያው ላይ ታናሹ ልጃቸው ስልክ ይዞ ፍቺ ሲያነብ፣ «የጣዖት ስም» የሚለው ቃል ለቅሬታቸው የተመቸ ልብስ ሆኖ ሳይገኝ አልቀረም። ይህ ግምቴ ትክክል ከሆነ ስለ ቃሉ ምንጭ ቢያስረዷቸው ቢያስረዷቸው አይለዝቡም።

ስለዚህ የምመክርዎት እንዲህ ነው። ስሙን አይለውጡ፤ ለመለወጥ የሚያበቃ ምክንያት በደብዳቤዎ ውስጥ አላገኘሁም። ክርስትናው ሳይደርስ ግን ባለቤትዎ ብቻቸውን፣ ያለ ወንድማቸውና ያለ ስልክ፣ እናታቸው ዘንድ ይሂዱ። ሳንጠይቅዎት በመናገራችን አጥፍተናል ይበሉ፤ ለምን እንደወደዳችሁት ይናገሩ፤ ቀጥለውም እርስዎስ ምን ብለው ሊጠሯት ይፈልጋሉ ብለው ይጠይቁ። አያት ያወጡት የቤት ስም ብዙ ጊዜ ከመታወቂያው ስም ይልቅ ልጁን የሚከተለው ነውና ይህ ለማባበል የሚሰጥ ትንሽ ነገር አይደለም። እርሳቸው «ውባለም» ቢሏት ውባለም ትሁን፣ እርስዎም በእርሳቸው ፊት ሲጠሯት በዚያው ስም ይጥሯት። «ይቺ ልጅ» መባሏ የሚቀረው እንዲህ ሲሆን ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ማይ የምናወራውን ነገር የሚያስረዷቸው እርስዎም ባለቤትዎም ሳትሆኑ የንስሐ አባታችሁ ቢሆኑ ይሻላል፤ ከልጅ አፍ የሚወጣ ግእዝ እናትን እምብዛም አያሳምንም።

ዋርሳዎን በተመለከተ፣ ተንኮል አላሰበም። አንድ ቃል ጽፎ የመጣለትን የመጀመሪያ ፍቺ አነበበ፤ ዛሬ ሁላችንም የምናደርገው ነው። ፍቺ ሲፈለግ የትኛው ቋንቋ ብሎ መጠየቅ እንደሚቀድም በፍቅር ይንገሩት፣ ደግሞም የራሱን ስም በሌሎች ቋንቋዎች ፈልጎ እንዲያይ ይፍቀዱለት።

የቀረው የጽሕፈት ጉዳይ ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀናት ውስጥ ነው። ክርስትናው በሰማንያኛው ቀን ስለሚሆን ከግርግሩ በኋላ የሚተርፍዎት ጊዜ አሥር ቀን ብቻ ነው፤ ይህን ባይጠብቁና ከአማትዎ ጋር እንደተስማማችሁ ወዲያው ቀበሌ ቢሄዱ መልካም ነው። ማያ በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ይጻፋል፦ ጀርመኖች መካከለኛውን ድምፅ «ጄ» በምትባለው ፊደል ሲጽፉት፣ ሌሎች በ«አይ»፣ ሌሎች በ«ዋይ» ይጽፉታል። እኛ ዘንድ የተለመደው በ«ዋይ» የሚጻፈው ነው። የመረጡትን በወረቀት ጽፈው ይዘው ይሂዱና በልደት ምስክር ወረቀቱ፣ በክትባት ካርዱና ወደፊት በሚወጣው ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ከመፈረምዎ በፊት ፊደል በፊደል ያረጋግጡ።